ታይፎይዱ ለምን ከደሜ አይወጣም?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ ተብዬ ታክሜያለሁ። መጀመሪያ ሲፕሮ፣ ቀጥሎ ዶክሲሳይክሊን፣ ሦስተኛውን ጊዜ የሰባት ቀን መርፌ፣ በቅርቡ ደግሞ ሲፕሮና ዶክሲ አንድ ላይ ወስጄ ጨረስኩ። መድኃኒት በወሰድኩ ቁጥር ሁለት ሳምንት ያህል ይሻለኛል፤ ከዚያ ታይፎይዴ ይነሳብኛል። ይደክመኛል፣ ራሴን ያመኛል፣ መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። አንዳንዴ ሰውነቴን ያተኩሰኛል፤ ሲለካ ግን 37 ገደማ ነው። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው። እሷን ከወለድኩ በኋላ ሉፕ አስገብቻለሁ፤ ሌላ ነገር የለብኝም። የመጨረሻው ወረቀት ላይ ዊዳል ኦ 1 ለ 160፣ ኤች 1 ለ 160፣ ዌል ፊሊክስ 1 ለ 80፣ ነጭ የደም ሴል 6,200፣ ሄሞግሎቢን 9.8፣ ኤም ሲ ቪ 71 ይላል። በፊቶቹም ላይ ዊዳሉ 1 ለ 160 ነበር። ከደሜ ጨርሶ የሚያወጣልኝ ጠንካራ መድኃኒት የትኛው ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጠንካራ መድኃኒት የሚያስፈልግዎት አይመስለኝም። በጻፉልኝ ታሪክ ውስጥ ታይፎይድ አይታየኝም። ምናልባት ከአራቱ አንዱ እውነተኛ ነበር ይሆናል፤ አራቱም ግን አይደሉም። የድካምዎ ምክንያት እዚያው በጻፉልኝ ውጤት ላይ ያለ ይመስለኛል። ከዊዳሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። እሱ ጋ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን «ከደም የማይወጣ ታይፎይድ» እንፍታው። እሱ ካልተፈታ፣ ቀሪውን ብነግርዎትም ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ሲፕሮ መጀመርዎ አይቀርም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ አይቼ አልመረመርኩዎትም። ሆድዎን አልዳሰስኩም፣ ልብዎን አላዳመጥኩም። ይህን የምጽፈው ለሐኪምዎ ጥሩ ጥያቄ ይዘው እንዲሄዱ ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ሥራ በገባሁ ቁጥር «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» የሚል ሰው አያለሁ። «ታይፎይዴ» ይላሉ፣ እንደ ራሳቸው ንብረት። ታይፈስም ሁልጊዜ ከጎኑ አለ፤ ሁለቱ እንደ መንታ አብረው ነው የሚጠሩት። በእርግጥ ግን ዝምድና የላቸውም። ታይፎይድ፣ በአማርኛ የአንጀት ተስቦ የምንለው፣ ሳልሞኔላ ታይፊ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ይገባል። ታይፈስ ወይም ተስቦ ደግሞ ሪኬትሲያ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ነው። ዋናው አስተላላፊው የልብስ ቅማል ነው፤ በአይጥ ቁንጫ የሚመጣም ሌላ ዓይነት አለ። ቅማል ተስቦን እንደሚያስተላልፍ ሻርል ኒኮል ቱኒስ ላይ በሙከራ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ስማቸው የተመሳሰለው የድሮ ሐኪሞች ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ ይቆጥሯቸው ስለነበር ነው። መለየት የቻሉት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

እስቲ ያስቡት። አንድ ሰው በተበከለ ምግብም በቅማልም፣ በአንድ ጊዜ፣ በዓመት አራት ጊዜ ይያዛል? እርስዎ ቤት ቅማል አለ? የለም ብዬ እገምታለሁ። ታዲያ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚወጡት ምርመራዎቹ አብረው ስለሚታዘዙ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ። የታይፎይዱ ምርመራ፣ ዊዳል፣ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከፈርናንድ ዊዳል ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 የተዋወቀ ምርመራ ነው። በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። 1 ለ 160 ማለት የደምዎ ውኃ፣ ሴረም የምንለው፣ 160 እጥፍ ቀጥኖም አንቲቦዲው አሁንም ይታያል ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ «ዛሬ ታመሃል» የሚል ነገር የለም።

አንቲቦዲ እንደ ጠባሳ ነው። ጉልበትዎ ላይ በልጅነትዎ የወደቁበት ጠባሳ ይኖር ይሆናል። ጠባሳው አለ ማለት ቁስሉ ዛሬ ይደማል ማለት አይደለም። ደግሞም ጠባሳውን በፀረ ባክቴሪያ አያጥቡትም፤ አይለቅም። እርስዎም አንድ ዓመት ሙሉ ሲታገሉ የኖሩት ከጠባሳ ጋር ይመስለኛል። ሲፕሮ ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ አንቲቦዲ አያጠፋም። ስለዚህ ከሕክምና በኋላ ዊዳል ደግሞ ማሠራትና «ገና አለ» ማለት ትርጉም የለውም። መዳንን በዊዳል አንለካም።

ጠባሳውንም ታይፎይድ ብቻ አይደለም የሚተወው። ሌሎች የሳልሞኔላ ዓይነቶች፣ የታይፎይድ ክትባት፣ ወባ፣ አንዳንድ ሌሎች ኢንፌክሽኖችም ዊዳልን ፖዘቲቭ ያደርጉታል። ታይፎይድ ባለበት አገር በሚኖር ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ 1 ለ 80 ወይም 1 ለ 160 ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። በየክሊኒኩ የሚሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመስታወት ላይ ጠብታ ከጠብታ ቀላቅሎ፣ ጓጎለ አልጓጎለም ብሎ በዓይን የሚነበበው ፈጣኑ ዓይነት ነው። ሁለት ጎበዝ ባለሙያዎች አንዱን ደም አንዱ 80፣ ሌላው 160 ብለው ሊያነቡት ይችላሉ።

ዊዳል በትክክል ይሠራ ከተባለ ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራው። አንዴ ሕመሙ ሲጀምር፣ ሌላው ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ። ቁጥሩ በአራት እጥፍ ከጨመረ፣ ለምሳሌ ከ1 ለ 80 ወደ 1 ለ 320 ከወጣ፣ ያኔ አዲስ ኢንፌክሽን ነው ይባላል። የእርስዎን ደግመው ይዩት። ዓመቱን ሙሉ 1 ለ 160 ነው። ንቅንቅ አላለም። እርስዎ ይህን በሽታው እንዳልለቀቀዎት ማስረጃ አድርገው ነው ያነበቡት። እኔ በተቃራኒው ነው የማነበው። አዲስ ነገር ቢኖር ኖሮ ቁጥሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

የታይፈሱ ምርመራ፣ ዌል ፊሊክስ፣ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1916 ኤድመንድ ዌልና አርተር ፊሊክስ ያወጡት ምርመራ ነው። የተስቦ ሕሙማን ደም ፕሮቲየስ የሚባል ባክቴሪያን እንደሚያጓጉል አስተዋሉ። ፕሮቲየስ ተስቦን አያመጣም። በመልክ ብቻ ነው ከሪኬትሲያ ጋር የሚመሳሰለው። አንጀታችን ውስጥ ይኖራል፤ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽንም ያመጣል። ስለዚህ ምርመራው ፖዘቲቭ የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ነው። 1 ለ 80 ይዞ «ታይፈስ አለብሽ» ማለት ሰውን በመልክ ጠርጥሮ እንደ ማሰር ነው።

ይህን ለታካሚዎቼ ስነግር ቁጥር ይረዳል። ምሳሌ ነው፣ የጥናት ውጤት አይደለም። ደክሟቸው የመጡ 100 ሰዎች አሉ እንበል። ከእነሱ ውስጥ 5ቱ ብቻ እውነተኛ ታይፎይድ አለባቸው። ምርመራው ከአምስቱ 4ቱን ያዘ እንበል። ታይፎይድ ከሌለባቸው 95 ሰዎች ውስጥ ደግሞ 20ው በድሮ ጠባሳቸው ፖዘቲቭ ሆኑ። አሁን ፖዘቲቭ ወረቀት የያዙት 24 ሰዎች ናቸው። እውነተኛዎቹ 4 ናቸው። 24ቱም ግን መድኃኒት ይዘው ይወጣሉ። ትኩሳት በሌለው ሰው ላይ ሲሠራ ደግሞ እውነተኛዎቹ ከዚህም ያንሳሉ። ለዚህ ነው ሐኪም ወረቀቱን ከማንበቡ በፊት ታሪኩን መስማት ያለበት። ያው ወረቀት ለአንዱ ብዙ ይነግራል፣ ለሌላው ምንም አይነግርም።

«ታዲያ መድኃኒቱን ስወስድ ለምን ይሻለኛል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው በጣም ሲብሰው ነው። ድካምና ራስ ምታት ደግሞ ከፍና ዝቅ ይላል። በጣም ከባሰው ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን፣ መድኃኒት ተወሰደም አልተወሰደም፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው። ጉንፋንም ቢሆን በሳምንቱ ይለቃል። በዚያ ላይ የሐኪም ፈቃድ ወስደው ያርፋሉ፣ ሰው ያበስልልዎታል፣ ፓራሲታሞል ይወስዳሉ፣ ምክንያቱ ታወቀ ብለው ልብዎ ያርፋል። ይህ ሁሉ እውነተኛ መሻል ነው። ምስጋናው ግን ለሲፕሮ አይገባም። ዋናው ምክንያት ስላልተነካ በሁለት ሳምንት ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳይነሳ እንዳይቀር። ታይፎይድ ከያዛቸው ሰዎች ጥቂቶቹ ባክቴሪያውን በሐሞት ከረጢታቸው ይዘው ለዓመታት ይቆያሉ። እነዚህ ተሸካሚዎች ለሌላው ያስተላልፋሉ፤ እነሱ ራሳቸው ግን በአብዛኛው አይታመሙም። የሚታወቁትም በሰገራ ካልቸር፣ ባክቴሪያውን አብቅሎ በሚያይ ምርመራ፣ ነው። የእርስዎ ታሪክ ወደዚህም አያመራም።

አሁን ወደ ሄሞግሎቢንዎ።

9.8። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ የሚለው ከ12 በታች ያለውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ደም ደግሞ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ የእርስዎ 9.8 እዚህ ከተማ ውስጥ ወረቀቱ ላይ ከሚመስለውም ያነሰ ነው። ኤም ሲ ቪ የቀይ የደም ሴሎች አማካይ መጠን ነው። ከ80 እስከ 100 መሆን አለበት። የእርስዎ 71 ነው። ሴሎቹ ቁጥራቸው ብቻ ሳይሆን መጠናቸውም አንሷል። በእርስዎ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሴሎቿ ትንንሽ ሆነው ደሟ ሲያንስ፣ እስከሚረጋገጥ ድረስ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የብረት እጥረት ነው።

ምልክቶቹን ከእርስዎ ደብዳቤ ጋር ያስተያዩ። ድካም። ራስ ምታት። ደረጃ ሲወጡ የልብ ምት። ይህን ሁሉ ጽፈውልኛል። እኔ ደግሞ ልጠይቅዎት። ፀጉርዎ ይረግፋል? ሌሊት እግርዎ ዕረፍት ያጣል? በረዶ ወይም አፈር ያምርዎታል? የመጨረሻውን ሰው አፍሮ አይናገረውም። ግን የብረት እጥረት የታወቀ ምልክት ነው፤ ይንገሩት።

ደሙ የት ሄደ? ይህን እንደ ዋዛ ጽፈው ያለፉት ይመስለኛል፦ ሉፕ። የመዳብ ሉፕ ጥሩ የእርግዝና መከላከያ ነው። በብዙ ሴቶች ላይ ግን የወር አበባን ያበዛል፣ ያስረዝማልም። ስለ ወር አበባዎ ምንም አልጻፉልኝም። ማንም አልጠየቀዎት ይሆናል። ስንት ቀን ይቆያል? ከሰባት ቀን ያልፋል? ሞዴስ በየስንት ሰዓቱ ይቀይራሉ? ሌሊት ለመቀየር ይነሳሉ? የረጋ ደም ይወርዳል? በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የሚቀይሩ ከሆነ ያ ብዙ ነው። ብዙ ሴቶች «የእኔ ድሮም እንደዚህ ነው» ብለው ይተዉታል። ከእርግዝናና ከማጥባት በኋላ ደግሞ የብረት ክምችት ገና አልሞላም። በዚያ ላይ በየወሩ ብዙ ደም ከፈሰሰ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 9.8 ላይ መድረስ የሚገርም አይደለም።

ሉፑን ግን ነገውኑ ሄደው አያስወጡት። መጀመሪያ የማህፀን ሐኪም ይየው። ማህፀን ውስጥ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ማዮማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ እጢ፣ እንዳለ በአልትራሳውንድ ይታያል። የወር አበባ ደምን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። ሉፑ ምክንያት ሆኖ ከተገኘም ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ ኪኒኑ፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ አለ። የኋለኛው ደም ይቀንሳል እንጂ አያበዛም። ምርጫው የእርስዎ ነው።

ለማረጋገጥ ፌሪቲን የሚባል የደም ምርመራ ያሠሩ። የብረት ክምችትን ይለካል። ከ15 በታች ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ብዙ ሐኪሞች ከ30 በታችንም እንደ እጥረት እንቆጥራለን። ፌሪቲን ሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ዋጋውም ይከብዳል። ካልተገኘ ሐኪምዎ የብረት ኪኒን አስጀምሮ በአራት ሳምንት ሄሞግሎቢኑን ደግሞ ሊያይ ይችላል። ከ1 በላይ ከጨመረ ምርመራውም ሕክምናውም እሱ ነው። በዚያውም ሰገራ ይመርመሩ፤ መንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል። ጨጓራ የሚያምዎት ከሆነ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ብረት እንዳይገባ ያደርጋል። እሱን ግን በደም አንቲቦዲ አያሠሩት። ያው የጠባሳ ጣጣ እዚያም አለ። በሰገራ የሚሠራው ይሻላል። ነገር ግን ፀረ ባክቴሪያ ከወሰዱ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ካቆሙ ደግሞ ሁለት ሳምንት ማለፍ አለበት። እርስዎ ሲፕሮ ገና ስለጨረሱ ቢቆዩ ይሻላል።

«እኛ ጤፍ እንበላለን፣ ደም ማነስ የለብንም» ሲባል እሰማለሁ። ጤፍ ብረት አለው። ከፊሉ ግን አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። የእህል ብረት ደግሞ እንደ ሥጋና ጉበት ብረት በቀላሉ አይገባም። ከምሳ በኋላ ወዲያው የምንጠጣው ቡናና ሻይ ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። ቡናውን ማንም አይከለክልዎትም። ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ያርቁት። ጎመኑ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት፤ ብረቱን ያስገባል። ሄሞግሎቢን 9.8 ሲሆን ግን በምግብ ብቻ አይስተካከልም። ኪኒን ያስፈልጋል።

የብረት ኪኒኑ፣ ፌረስ ሰልፌት፣ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። ሆድ የሚያስቸግር ከሆነ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድም ይሠራል፤ ብዙ መዋጥ ብዙ አያስገባም። ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ያርቁት። ሰገራ ይጠቁራል፤ አይደንግጡ። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እንዲሞላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ብዙ ሰው ትንሽ ሲሻለው ይተወውና ይመለሳል። ሌላው ደግሞ፣ ለወደፊቱ ሲፕሮ ወይም ዶክሲ የሚያስፈልግበት ቀን ቢመጣ፣ ከብረት ጋር አብረው አይዋጡም። ብረቱ ይዟቸው ይወጣል፤ ሁለቱም አይሠሩም።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልዎት አንድ ነገር አለ። የሁለት ዓመት ልጅ አለችዎት። የብረት ኪኒን ከረሜላ ይመስላል። ትንሽ ልጅ ብዙ ከዋጠች ሊገድላት ይችላል። ከፍ ያለ ቦታ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ቦርሳዎ ውስጥም አይያዙት። አንድ ፍሬ እንኳ ዋጠች ብለው ከጠረጠሩ ምልክት ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

ቁርጥማቱን ደም ማነስ ብቻውን አያስረዳም። ጠዋት ሲነሱ መገጣጠሚያዎ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተሳስሮ ይቆያል? ያብጣል? እንደዚያ ከሆነ ይመርመር፣ ሌላ መንገድ ነው። ሲፕሮ ራሱም መገጣጠሚያንና ጅማትን ያሳምማል፤ ተረከዝ ላይ ያለውን ጅማት እስከ መበጠስ የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ቁርጥማቱ ከመድኃኒቱ በፊት ነበር ወይስ በኋላ መጣ? ያስታውሱና ይንገሩት። ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ኤች አይ ቪ፣ እነዚህም አንዴ ቢታዩ አይከፋም። ልጅዎ ሌሊት ታስነሳዎታለች? እንቅልፍ ያጣ ሰው ይደክመዋል፣ ራሱንም ያመዋል። ልብዎ የከበደው ነገር ካለ ያንንም ይናገሩ። እሱም ሕመም ነው፤ ሐኪም ፊት ይነሳል።

ስለ ፀረ ባክቴሪያዎቹ ለምን እንደምጨነቅ አንድ ታሪክ ልንገርዎት። ጀማሪ ጠቅላላ ሐኪም ሳለሁ፣ አንድ ወጣት በትኩሳትና በድካም መጣ። ዊዳሉ ፖዘቲቭ ነበር። ሲፕሮ ጻፍኩለት። ተሻለው። በወሩ ተመለሰ፤ ያው ዊዳል፣ ያው መድኃኒት። ሦስተኛ ጊዜ የመጣው ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎት ነው። ሌሊት አንሶላው በላብ እንደሚርስ ያኔ ነው የጠየቅኩት። ቲቢ ነበር። ሲፕሮና መሰሎቹ የቲቢን ባክቴሪያ በከፊል ይነኩታል፤ ለጥቂት ሳምንት ያደበዝዙትና ምርመራውን ያዘገዩታል። ወጣቱ ታክሞ ዳነ። ግን ሦስት ወር አጣ፤ በእነዚያ ሦስት ወራት ቤቱ ውስጥ አብረውት የሚተኙ ልጆች ነበሩ። ወረቀቱን አምኜ ሰውየውን አልጠየቅኩትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዊዳል ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ ስለ ላብና ስለ ክብደት ሳልጠይቅ አልለቅም። እርስዎንም እጠይቃለሁ፦ ቀንሰዋል? ሌሊት ያልብዎታል? ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል አለ?

ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር ሲፕሮንም ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መርፌም የተላመደ ታይፎይድ ተሰራጭቷል። በአፍ ከሚወሰዱት የቀረላቸው በዋናነት አዚትሮማይሲን ነበር። መድኃኒት ለሌለ በሽታ ሲባክን፣ በሽታው በመጣ ቀን አይገኝም።

እውነተኛ ታይፎይድ ደግሞ አለ፤ ቀላል አይደለም። እንዳልናቅሁት ይወቁልኝ። ትኩሳቱ ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል፣ 39 እና 40 ይደርሳል፤ አይለቅም። ራስ ምታቱ ብርቱ ነው፣ ሆድ ያማል፣ ይደርቃል ወይም ያስቀምጣል፣ ምግብ ይዘጋል። ካልታከመ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ አንጀት ሊደማ ወይም ሊበሳ ይችላል። ያኔ የሚረዳው የደም ካልቸር ነው፤ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደም ተወስዶ ባክቴሪያው ይበቅላል። ብዙ እውነተኛ ታማሚዎችም ከካልቸር ያመልጣሉ፤ ስለዚህ ሐኪሙ በታሪኩ በርትቶ ከጠረጠረ ውጤት ሳይጠብቅ ማከም ይችላል። ይህ አንድ ነገር ነው። 37 ዲግሪ ላለው ሰው በወረቀት ብቻ ማዘዝ ሌላ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ወደሆነ ቆላ ሄደው ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከያዘዎት ደግሞ ከሁሉ በፊት ወባ ይታይ፤ በዚያው ቀን።

ክሊኒክ ሲሄዱ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» አይበሉ። ይህን ብለው ከገቡ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዊዳል ነው። ሐኪሙን አይውቀሱት። ብዙ ቦታ ካልቸር የለም፤ ቢኖርም ቀናት ይወስዳል። ሰው ደግሞ ከፍሎ የገባ ነው፤ የበሽታ ስም ሳይሰጠው ሲወጣ ይከፋዋል። ለሁለቱም ከባድ ነው። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦ «ለአንድ ዓመት ያህል ደክሞኛል። ሄሞግሎቢኔ 9.8 ነው፣ ኤም ሲ ቪ 71። ሉፕ አለኝ። በዓመት አራት ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ ወስጃለሁ።» አራቱንም ወረቀቶች ይዘው ይሂዱ። በድሮዎቹም ላይ ሄሞግሎቢን ተጽፎ ሊሆን ይችላል። 12፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 9.8 እያለ እየወረደ ከሆነ ሐኪምዎ ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ ከእሱ ብዙ ይረዳል።

ቴርሞሜትር ይግዙ። ሰውነትዎ ሲያተኩስዎት ይለኩና ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ደብተር ላይ ይጻፉ። ከ38 በላይ እየሆነ ሦስት ቀን ከቆየ ይሂዱ። ግራ መጋባት፣ የአንገት መድረቅ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ወይም ብረት ሳይጀምሩ ጥቁር ሰገራ ካለ ሦስት ቀን አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ይሂዱ።

ብረቱን በጀመሩ በአራተኛው ሳምንት ሄሞግሎቢኑ ይደገም። ቁጥሩን ከወር አበባዎ ቀናት ጋር ጽፈው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ያልጨመረ ከሆነም ይላኩልኝ፤ ያኔ ብረቱ ለምን እንዳልገባ አብረን እንፈልጋለን።